የደመናው ራጅ

ማክሰኞ ጠዋት ከጋላክሲያችን መሃል አካባቢ የመጣ ግዙፍ ደመና ኮምቦልቻ፣ እኛ ክሊኒክ ራጅ ሊነሳ ተሰለፈ። ዝናብ ያለው ዓይነት አይደለም፤ ብርድና አቧራ ብቻ ነው። ዘበኛው ፈትሾ አስገባው። ወረፋ የያዙት እናቶች፣ የመጣበት ቢርቅም ተራውን ይጠብቅ አሉ፤ ጠበቀ። ከስንቱ ባለመኪና ይሻላል።

ራጅ የማነሳው እኔ ነኝ። ያን ሰሞን ግን ልቤ ሥራዬ ላይ አልነበረም። ባሌ ዘርጋው በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ይነዳል፤ ከሄደ ሰነባብቷል፣ ስልኩም አይሠራም። ጎረቤቶቼን ስጠይቅ "ደህና ነው፣ ኔትወርክ ነው" ይሉኛል። በአጥር ተጣልተን ዓመት ሙሉ ያኮረፉኝ እትዬ የሺመቤት እንኳ ማታ ማታ ወጥ ይልኩልኝ ጀምረዋል። ሰው እንዲሁ በድንገት ደግ ሲሆንብኝ ያስፈራኛል።

ደመናውን ወደ ራጁ ሰሌዳ አስጠግቼ "ትንፋሽዎን ይያዙ" አልኩት። ያዘ። ከተማው ውስጥ ነፋስ ቆመ። ይተንፍሱ ስለው መጋረጃው ተነስቶ ፊቴን መታኝ።

ፊልሙ ላይ ሆዱ ውስጥ ብርሃን ቦግ ብሎ ይበራል። ሐኪማችን ዶክተር ምንተስኖት አየውና ወደ ጥግ ወስዶ አስረዳኝ። ብርሃኑ የደመናው አይደለም። ጋላክሲው መሃል ያለው ጎረቤቱ፣ ጥቁር ጉድጓድ የሚሉት፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አንዴ ነዶ ጠፍቷል፤ ብርሃኑ ደመናው ጋ የደረሰው ገና አሁን ነው። እሱ ግን ጎረቤቴ ዛሬም ይነዳል ብሎ ያምናል።

"ልጄ፣ ጎረቤቴ ደህና ነው?" አለኝ ደመናው ልብሱን እየሰበሰበ።

ዶክተሩ ጣራ ጣራውን አየ። መርዶ ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው፤ ራጅ ክፍል ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት፣ ለብቻው ለቆመ ሰው አይነገርም። ነውር ነው።

"ደህና ነው፣ ኔትወርክ ነው" አልኩት።

ከአፌ ሲወጣ ጆሮዬ ሰማው። ደመናው ትክ ብሎ አየኝ።

"አንቺንስ እንዲህ ያለሽ ማን ነው?"

"ጎረቤቶቼ" አልኩት።

ደመናው ፊልሙን ብብቱ ውስጥ አድርጎ ወጣ። ያን ቀን ማታ የእትዬ የሺመቤት ወጥ ዶሮ ነበር። አልበላሁትም።

ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቆመዋል። እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከኋላቸው ደመናው አለ፤ ቅያሱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል፣ እሱም ነጠላ አዘቅዝቋል። መርዶ ሊያረዳ ከመጣ ሰው ጋር አብሮ መቆም ወግ መሆኑን ማን እንደነገረው አላውቅም።

"ኔትወርክ ነው በሉኝ" አልኳቸው።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ደመናው ብቻ ሰዎቹን በቀስታ አልፎ መጣና ፊቴ ጎንበስ አለ። ሆዱ ውስጥ፣ በጣም ሩቅ፣ የከባድ መኪና ሁለት መብራቶች በርተው ወደ እኔ እየመጡ ነበር።