ዳስ የማይተከልበት ግቢ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ለሽታዬ ዘንድሮ ጉዱ የመጣው ከሩቅ አይደለም፤ ከገዛ ጓሮዋ ነው። አዘዞ ያለው ቤት ባሏ መሪጌታ ሐብተ ማርያም በሕይወት ሳሉ ራሳቸው ጭቃ እያቦኩ ያቆሙት ነው። ጓሮው ሰፊ ነበር፤ ዳር ዳሩን ጌሾ፣ መካከሉ ባዶ መሬት። ልጇ አምሐ ያንን ባዶ መሬት ባየ ቁጥር «ሥራ የፈታ መሬት» ይላል። እህቶቹ የተዳሩበትን፣ አባቱ የተለቀሱበትን መሬት ሥራ ፈት አለው። ሥራ የፈታስ የእሱ አፍ ነው።

አምሐ አራዳ ላይ የሴራሚክ ሱቅ አለው። አባቱ በሞቱ በመንፈቁ መጣና ቤቱን እንሽጠው አለ፤ እናቱ ከሱቁ በላይ ካለችው ክፍል ትገባለች፣ እሱ በገንዘቡ ሱቁን ያሰፋል። ሽታዬ አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት ነጠላዋን አጣፍታ በንስሐ አባቷ በአባ ዕንባቆም ፊት ቃል ሰጠች።

«የአባትህን የሙት ዓመት ተዝካር በዚህ ግቢ ዳስ ጥለህ አብላልኝ። ካህናቱም ድሃውም እሳቸው በኖሩበት ይብሉላቸው። ከዚያ ወዲያ እፈርምልሃለሁ። ያለ እሳቸው ቤቱ ምን ያደርግልኛል?»

ከልቧ ነበር። በኋላ ተንኮል አስባ ነው ያሉ አሉ፤ ውሸታቸውን ነው። ሴትዮዋ የመሪጌታን መጻሕፍት እንኳ በጨርቅ ጠቅልላ ለጉዞ አዘጋጅታ ነበር።

እንግዲህ የአምሐ ሥራ ምን ነበር? ተዝካሩን ማብላት፣ ማስፈረም፣ መሸጥ። በቃ። ግን አልጋ ሲሉት አመድ የሚል አይጠፋም። አንዳርጋቸው የሚባል ደላላ «ጓሮውን ዘመናዊ መዝናኛ አድርገው፣ ቤቱ እጥፍ ያወጣል፤ ሀብታም ቤት የሚገዛው ጓሮውን አይቶ ነው» አለው። አንዳርጋቸው ራሱ የሚኖረው ጓሮ በሌለው የኪራይ ቤት ነው። አምሐ ይህን አልጠየቀም፤ ከስልኩ ላይ የውጭ አገር ጓሮ ሲያይ አድሮ ጠዋት ግንበኛ ይዞ መጣ።

ጌሾው ተነቀለ። ባዶው መሬት በኮንክሪት ታፈነና ከሱቁ በመጣ ነጭ ሴራሚክ ተለበጠ፤ ፊት ያሳያል፣ ጠዋት ጠል ሲያርፍበት ደግሞ ሰው ይጥላል። በዳር በኩል የበቀለው ሳር ተነቅሎ የፕላስቲክ ሳር ተነጠፈ። ጥግ ላይ የብረት ጥላ ቆመ። ጥላ ይሉታል እንጂ ክዳን የለውም፤ ፀሐይ አይከልል፣ ዝናብ አያስጥል። ሽታዬ «ቆርቆሮው መቼ ነው የሚመጣው?» ብትለው «እማዬ፣ ዲዛይኑ ነው» አላት። ከሥሩ ሶፋዎች ተደረደሩ፤ ልትቀመጥ ብትል «ፕላስቲኩን እንዳትቀጂው» አላት። መካከል ላይ ፏፏቴ አለ፤ ዝይ ትሁን ዳክዬ ያልለየላት የሲሚንቶ ወፍ በአፏ ውሃ ትተፋለች። ደላላው ፎቶ ሊያነሳ የመጣ ዕለት ወፏ የተፋችው ሽታዬ በጀሪካን አጠራቅማ ያስቀመጠችውን የመጠጥ ውሃ ነው። ያን ቀን ሽታዬ ከጎረቤት ውሃ ለምና ጠጣች።

ኅዳር ገባ። ተዝካሩ ጾመ ነቢያት ሳይገባ መበላት አለበት፤ ጠላው ተጠንስሷል፣ በሬው ተገዝቷል። የእድሩ ዳኛ አያ አድማሴ ከእድርተኞቹ ጋር ቋሚና ድጅኖ ተሸክመው ወደ ጓሮው ዘለቁ፤ አባ ዕንባቆምም ተከትለዋቸዋል። ሴራሚኩን አዩት፣ ወፏን አዩዋት፣ ቋሚውን መሬት ላይ አጋደሙት።

«ጉድጓዱን የት እንቆፍር?» አሉ።

አምሐ እጁን ዘርግቶ ፊታቸው ቆመ። «አያ አድማሴ፣ እዚህ ድጅኖ አያርፍም። ገዢው በዚህ ሳምንት ነው የሚመጣው።»

«ታዲያ ቋሚውን በወፏ አፍ እንትከለው?»

እድርተኞቹ ሳቁ። አምሐ አልሳቀም። «የሆቴል አዳራሽ እከራያለሁ፤ ወንበር አለው፣ መብራት አለው፣ ሰውም በሥርዓት ይስተናገዳል።»

«ምነው ልጄ፣» አለች ሽታዬ፤ «አባትህ ሆቴል ኖረው ያውቃሉ? ድሃውን የሆቴል ዘበኛ ያስገባዋል?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለመነችው። እናት ልጇን ለመነች። «ቋሚው የሚያርፍበትን ብቻ አንሣው። ሲያልፍ መልሰህ ትለጥፈዋለህ፤ ሥራህ አይደለም እንዴ?»

«አንዲት ሴራሚክ አትነሣም፣ እማዬ። የቤቱ ዋጋ እሱ ነው።»

ይህን ያለው በአያ አድማሴ ፊት፣ በአባ ዕንባቆም ፊት፣ በእድርተኛው ሁሉ ፊት ነው። ሽታዬ ያን ቅጽበት በወለደችው ልጅ አፈረች። አባ ዕንባቆም መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ እድርተኞቹ ዞረው «ቋሚውን አንሡ። በደብሩ ቅጥር ይበላል» አሉ።

ተበላም። ከደብሩ ጽዶች ሥር ዳስ ተጥሎ፣ ጸሎተ ፍትሐቱ ደርሶ፣ ካህኑም ድሃውም ጠግቦ «ነፍስ ይማር» ብሎ ተነሣ። መሪጌታ አላፈሩም። ሽታዬ ግን ወጡን ስታወጣም ጠላውን ስታስቀዳም ዓይኗ ወደ ቤቷ አቅጣጫ ይሄድ ነበር፤ እሳቸው የኖሩት እዚያ ነዋ። አምሐ ነጭ ለብሶ በር ላይ ቆሞ «እግዜር ያጥናህ» ሲሉት በአንድ እጁ ይጨብጣል፣ በአንዱ ለደላላው መልእክት ይጽፋል።

በሳምንቱ ውሉን ይዞ ከች አለ። አንዳርጋቸው አለ፣ ከአንዳርጋቸው ኋላ ገዢው አለ። ለምስክርነት ደግሞ አባ ዕንባቆምን ራሱ ሄዶ ይዟቸው መጥቷል። ወደ ጓሮው ቢዞሩ ሴራሚኩ ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል። ሽታዬ የዓመቱን በርበሬ አስጥታበት፣ ዱካ ላይ ቁጭ ብላ የበሰበሰውን ትለቅማለች። ገዢው አስነጠሰው።

«እማዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አለ አምሐ። ንዴቱን ዋጠና «ይሁን። ተዝካሩ ተበላ፤ እንግዲህ ቃልሽ» አላት።

«የት ተበላ?»

«ደብሩ ቅጥር ነዋ። አብረን አልነበርን?»

ሽታዬ አባ ዕንባቆምን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ቃሏ በዚህ ግቢ የሚል ነበር፣» አሉ አባ። «የሰማሁት እኔ ነኝ። እዚህ አይሆንም ያልከው ደግሞ አንተ ነህ፤ እሱንም ሰምቻለሁ።»

አምሐ ዞር ዞር አለና ከአጥሩ ሥር የቀረውን ድጅኖ አነሣ። «አሁን እሰብረዋለሁ። ካስፈለገ ሁሉንም አነሣዋለሁ። ዳሱን ነገ እተክላለሁ።»

«የማንን ተዝካር ልታበላበት?» አለች ሽታዬ። «የአባትህ ሙት ዓመት አለፈ። ሰባት ዓመታቸው ግን አለልህ። ያን ጊዜ ሴራሚክህን አንሥተህ እዚህ ዳስ ከጣልክላቸው እፈርማለሁ። ዕድሜ ከሰጠኝ።»

ገዢው ደላላውን አየ። ደላላው ወፏን አየ። ሁለቱም ተያይዘው ወጡ።

አምሐ ድጅኖውን እንደያዘ ቀረ። «ለምነሽኝ ነበር እኮ» አለ፤ አሁን ገና የገባው ይመስል።

«ለምኜህ ነበር፣» አለችው። ተነሥታ የአንዱን ሶፋ ፕላስቲክ ገሸለጠችና ተቀመጠችበት። «ድጅኖውን አስቀምጠው ልጄ፣ ሴራሚኩን እንዳትነካብኝ። ለበርበሬ ማስጫ ሸጋ ነው።»