በእግሬ ብላ የተሳለችው

ባዩሽ ስትጨነቅ አፏ ከልቧ ይቀድማል። ግንቦት ላይ የአሥር ዓመት ልጇ መሰለች ከቦኖ ውኃ ሲመለሱ በጉለሌ ዳገት ላይ እንደገና ወደቀችና አረፋ ደፈቀች። ባዩሽ ባልዲዋን ወርውራ፣ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣

"አቦዬ! ይህን ክረምት ብቻ አሻግርልኝ፤ ዝቋላን በእግሬ ወጥቼ ጸበልህን አጠጣታለሁ!" ብላ ጮኸች።

ይህን የሰሙት ጎረቤቷ እትዬ ሠርካዲስ ብቻ ነበሩ። እሳቸውም ክብሪት ጭረው፣ ጢሱን ወደ ልጅቷ አፍንጫ እያስጠጉ፣ "እኔም ሰምቼሻለሁ፣ እሱም ሰምቶሻል" አሏት።

በማግስቱ ልጇን አዝላ ጳውሎስ ሆስፒታል ሄደች። ነርሷ በትንሽ ብልቃጥ ነጫጭ የመድኃኒት ፍሬ ሰጠቻት፤ ብልቃጧን የጠቀለለችበት ወረቀት ላይም ጻፍ ጻፍ አደረገችበት። በቃልም ብዙ ነገር ነግራት ነበር። የባዩሽ ጆሮ ግን ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ መዋጥ እንዳለባት ብቻ ይዞ ቀረ። ወረቀቱን ለማንም አላስነበበችም። የበሽታው ስም ተጽፎበት ይሆናላ! ልጅቷ የሚጥል በሽታ እንዳለባት በሰፈሩ ከተወራ ማን አብሯት ይጫወታል? ነገስ ማን ያገባታል? ትምህርት ቤት ያልላከቻትም በዚሁ ፍርሃት ነው። አባቷ ፀሐዬ አዋሽ በረሃ የእርሻ ልማት ትራክተር ነጂ ስለሆነ ቤቱን የሚያየው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ጭንቀቱ ሁሉ የባዩሽ ብቻ ነበር።

ክረምቱ አለፈ። መሰለች አንድ ቀን እንኳ ሳትወድቅ መስከረም ጠባ። እትዬ ሠርካዲስ "አቦ ነው" አሉ። ባዩሽ አቦ ይሁን ፍሬዋ መለየት አቃታት፤ አንዱን አመስግና ሌላውን እንዳታስቀይም ስለፈራች፣ ብልቃጧን በየወሩ እያስሞላች ሁለቱንም ይዛ ቀጠለች። ጥቅምት ሲገባ ግን ስለቷ እንቅልፍ ነሳት።

ከአዲስ አበባ ለመውጣት የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ቀበሌው ደግሞ መሠረተ ትምህርት ለማይማር ሰው ወረቀት አይሰጥም። ባዩሽ አንድም ቀን ቀርታ ስለማታውቅ ችግር አልገጠማትም። አስተማሪዋ ጌቱ፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ጎረምሳ፣ ወረቀቱን ሲሰጣት ሳቀባት።

"ጓድ ባዩሽ፣ ፈተናው ዓርብ ነው። ፊደሉን ዝቋላ ላይ ጥለውት እንዳይመጡ።"

"አይጠፋብኝም ልጄ። የመኪና ታርጋ ሳይቀር እያነበብኩ ነው የምሄደው።"

እውነቷን ነበር። ሰሞኑን ያየችውን ሁሉ ታነብ ነበር፤ የሳሙና መጠቅለያ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የቀበሌው በር ላይ የተለጠፈ መፈክር። እያንዳንዱ ቃል ከአፏ ሲወጣ እንደ አዲስ ነገር ያስደነግጣት ነበር።

ጥቅምት አራት ቀን ጎህ ሲቀድ ተነሡ። ደብረ ዘይት ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በጭነት መኪና። መኪናው ላይ ሰው እንደ ጆንያ ተጠቅጥቆ፣ በየጉድጓዱ እየተነሣ ይወድቅ ነበር።

"እናቴ፣ ክርንዎ ጎኔን በሳው" አለ ከእትዬ ሠርካዲስ ጀርባ የቆመ ሰውዬ።

"ለንስሐ ነው የመጣኸው አይደል? ከአሁኑ ጀምር" አሉት። መኪናው በሙሉ ሳቀ። መሰለችም ሳቀች። ባዩሽ ብቻ የልጇን አውራ ጣት ትመለከት ነበር። ልጅቷ ልትወድቅ ስትል መጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው ግራ አውራ ጣቷ ነው።

እትዬ ሠርካዲስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። "ያቺን ፍሬ ይዘሻል?"

"ይዣለሁ እትዬ።"

"ተራራው ላይ ይዘሻት ልትወጪ? በይ ተይ! ፍሬና ጸበል በአንድ ሆድ አያድሩም። ወይ ማመን ነው፣ ወይ መጠራጠር።"

"ጠዋትና ማታ መዋጥ አለባት እኮ…"

"ሁለት ቀን ብትቀርባት ምን ትሆናለች? አምስት ወር ሙሉ የጠበቃት አቦ፣ ደጁ ድረስ መጥታ ሊጥላት ነው?"

ባዩሽ በነጠላዋ ሥር ብልቃጧን ዳበሰች። እኚህ ሴት መሰለች በወደቀች ቁጥር ጫማ ሳያደርጉ ሮጠው የሚደርሱ ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን በሽታው እንዳይጋባበት በሸሸ፤ እሳቸው ግን የልጅቷን ራስ ጉልበታቸው ላይ ያስደግፋሉ። እሳቸውን ካላመነች ማንን ልታምን?

ቀትር ሲሆን ተራራው ሥር ካለች መንደር ደረሱ። የእትዬ ሠርካዲስ አበልጅ ገለታ የሚባል ገበሬ ቤት አርፈው ቆሎ ቆረጠሙ። ባዩሽ ብልቃጧን ለገለታ ሰጠችው። ወረቀቱን ግን ማንም እንዳያየው አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

"ነገ ማታ ስንወርድ እወስዳታለሁ" አለችው።

"እኔ ጋ ምንም አይሆንም። አይጥ እንኳ አይነካውም፤ ድመቴ ጦመኛ አይደለም" አላት።

ዳገቱን ተያያዙት። የእንጦጦ ሥር ሰዎች ስለሆኑ እግራቸው ዳገት አይፈራም። ዝቋላ ግን ሌላ ነው፤ አንዱን ጉብታ ጨረስኩ ሲሉ ሌላው ይደቀናል፣ ነፋሱ ቆዳ ዘልቆ አጥንት ይነካል፣ ትንፋሽ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ አንድ ጽድ ሥር ተቀመጡ። እትዬ ሠርካዲስ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። መሰለች ዛፉ ላይ ጉሬዛ አይታ አንጋጣ ቀረች።

ባዩሽ እጇ ሥራ ሲፈታ አትወድም። ወረቀቱን አወጣች። ሳትማር ስንት ጊዜ ከፍታው አንድ ፊደል አልታወቃትም ነበር፤ ከተማረች ወዲህ ደግሞ የበሽታውን ስም እንዳታይ ፈርታ አልገለጠችውም። አሁን ግን ፊደሎቹ በየስማቸው ጠሯት። የበሽታው ስም አልተጻፈበትም። በጣቷ እየተከተለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለቀመቻቸው።

ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንድም ቀን እንዳይቋረጥ። በድንገት ከተቋረጠ በሽታው በርትቶ ይመለሳል።

ደግማ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ አንብባ ብድግ አለች።

"እትዬ! እትዬ ሠርካዲስ፣ ይነሡ። እመለሳለሁ።"

"ወዴት?"

"ፍሬዋን ላመጣ። 'አንድም ቀን' ይላል። 'በርትቶ ይመለሳል' ይላል።"

"ማነው የሚለው?"

"ወረቀቱ።"

"ወረቀት! ቀበሌ ሦስት ወር ፊደል ቢያስቆጥርሽ አቦን ልታርሚ?"

"አላረምኩም። አነበብኩ።" ባዩሽ ራሷ በመልሷ ደነገጠች። ለእትዬ ሠርካዲስ እንዲህ ብላ መልሳ አታውቅም። ወዲያው ለመነቻቸው። "ልጅቷ ወርዳ መመለስ አትችልም። ይዘዋት ይውጡ። ከላይ ካለው ሐይቅ ዳር ግን እንዳትጠጋ፣ በእናትዎ!"

ወረደች። ድንጋዩ ከእግሯ ሥር እየተንከባለለ፣ ወደ ላይ የሚወጣው ሕዝብ "ሴትዮ፣ አቦ እኮ በዚህ ነው!" እያለ ሲቀልድባት፣ ቁልቁል ሮጠች። ሐሳቧ ግን ሽቅብ ነበር። አሁን የት ደርሰው ይሆን? እትዬ ሠርካዲስ እጇን ይዘዋት ይሆን? ልጅቷ ውኃ ስታይ እግሯ አርፎ አይቆምም። ሐይቁ ዳር ሆና ያ አውራ ጣት ቢንቀጠቀጥ ማን ያይላታል?

የገለታ ቤት ተዘግቶ አገኘችው። ማሳ ለማሳ እየተጣራች ዞራ፣ ጤፉን ከወፍ ሲጠብቅ ደረሰችበት። ብልቃጧን እጇ እስክታስገባ ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። ቀና ብላ ተራራውን አየችው። በእግሯ ከወጣች ከመምሸቱ በፊት አትደርስም።

ገለታ አጥር ሥር ወደታሰረችው በቅሎ ተመለከተ። "ውሰጃት፤ መንገዱን ታውቀዋለች። ግን እ… አበልጄ እንደነገረችኝ ስለትሽ በእግር ነው አይደል?"

"በእግር ነው።"

"ታዲያ?"

ባዩሽ በቅሎዋን አየቻት። ከምትፈራቸው ነገሮች ሁሉ አንደኛው ይሄ ነበር፤ ስለት ማጉደል። ስለት ያጎደለ ሰው ቅጣቱ በልጁ ይወጣል ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው።

"ደግፈኝ፣ ልውጣ" አለችው።

ከላይ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ዙሪያው ሁሉ ነጭ ለባሽ ነው፤ ሐይቁ ከታች በጽድ ተከቦ ጸጥ ብሏል። ዓይኗ ቀድሞ የሄደው ወደ ውኃው ዳር ነበር። እዚያ የሉም። በቅሎዋን እየጎተተች ከሰው ወደ ሰው ተንከራተተች። በመጨረሻ ከአንድ ዋርካ የሚያህል ጽድ ሥር አገኘቻቸው። መሰለች በእትዬ ሠርካዲስ ጋቢ ተጠቅልላ ዳቦ ትገምጣለች።

"ጸበሉን አላጠጣኋትም" አሉ እትዬ ሠርካዲስ። "ስለቱ ያንቺ ነው፣ አንቺን ስንጠብቅ ነው።" ከዚያ ልጓሙን አዩ። "ይቺ የገለታ በቅሎ አይደለችም?"

"ናት።"

"በእሷ ነው የመጣሽው?"

"በእሷ ነው።"

"ባዩሽ! በእግሬ ስትዪ የሰማሁሽ እኔ ነኝ።"

"ብያለሁ እትዬ። አልካድኩም።"

ባዩሽ መሬት ላይ ዘፍ አለች። ከብልቃጧ አንድ ፍሬ አወጣች። ከሐይቁ ከተቀዳው ጸበል በቀር የሚጠጣ ውኃ አልነበረም። ጣሳውን አነሣች። እትዬ ሠርካዲስ እጇን ያዟት፤ እጃቸው ያረጀ ቢሆንም ጠንካራ ነበር።

"አታደርጊውም። በጸበሉ?"

"ይልቀቁኝ።"

"በኋላ የሆነ ነገር ብትሆን በእኔ እንዳታላክኪ።"

"በማንም አላላክክም። እናቷ እኔ ነኝ።"

አሮጊቷ ለቀቋት። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልጅቷን ግንባሯን ስመው፣ ዘወር ሳይሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። ባዩሽ አልጠራቻቸውም፤ ቢመለሱም የምትላቸው ያው ነው።

መሰለች ፍሬዋን ዋጠች፤ ጸበሉንም ጣሳው እስኪደርቅ ጠጣች።

"እማዬ፣ እትዬ ሠርካዲስ ተቆጡን?"

"እኔን ነው የተቆጡት።"

"አቦስ?"

ባዩሽ ወደ ሐይቁ ተመለከተች። አቦዬ፣ አለች በሆዷ፣ በቅሎ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ፍሬውን ከጸበልህ የደባለቅሁትም እኔ ነኝ። ቅጣትህን እኔ ላይ አድርገው፤ እሷ የታዘዘችውን ነው የዋጠችው።

"እሱን አላውቅም" አለች ጮክ ብላ። "ነይ፣ እጅሽን ስጪኝ።"

የልጇን ግራ እጅ በሁለት መዳፏ ይዛ፣ አውራ ጣቷ ላይ አፍጥጣ ተቀመጠች።