ለአንድ ጆሮ የተነበበ ግጥም

ውጫሌ ላይ ሰው ጠዋት የማለውን ማታ ቢረሳው ብዙም አይደንቅም። ሼህ ኑርሁሴን ግን እንዲያ ያሉ ሰው አይደሉም። ቶሎ አይምሉም፤ ከማሉ ደግሞ አለቀ፣ የአምባሰል ተራራ ይነቃነቃል እንጂ እሳቸው አይነቃነቁም። የዛሬ አሥር ዓመት ግድም ሐይቅ ከተማ ሰርግ ተጠርተው ሄዱ። ዳሱ ውስጥ ሲገቡ የገዛ ልጃቸው ዙሌይካ፣ «ጓደኛዬን ላጅብ ነው» ብላ ከቤት የወጣችው ልጅ፣ ከማሲንቆ መቺው ጎን ቆማ አምባሰልን ታንቆረቁረዋለች። ሼሁ ሰርገኛው ሁሉ እያየ፣ ሽማግሌው ሁሉ እየሰማ፣ «ወላሂ፣ የዚህችን ልጅ ዘፈን ከእንግዲህ በጆሮዬ አልሰማም» አሉና ምሳውን ሳይቀምሱ ወጡ።

ተጣሉ ብላችሁ ግን እንዳታስቡ። ስትደውል «በልተሻል ወይ?» ይሏታል፤ ስትመጣ ግንባሯን ይስማሉ። ዘፈኗ ብቻ እዚያ ቤት የለም። በቴሌቪዥን ብቅ ያለች እንደሆነ «በሬውን ልየው» ብለው ይወጣሉ። ያ በሬ ያን ያህል ታይቶ አለመወፈሩ ይገርማል። ደግሞ እኮ እሳቸው ራሳቸው መንዙማ ሲያወጡ ድፍን መንደር ነው የሚያለቅሰው፤ ድቤውም ከጎናቸው አይጠፋም። ዙሌይካ አንዴ ደፍራ ይህንኑ ብታነሳባቸው፣ «ድቤ ሌላ፣ ማሲንቆ ሌላ» አሉና ነገሩን ዘጉት።

ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን የዙሌይካ ዘፈን አገር አዳረሰ። ባጃጁ ሁሉ እሱን ከፍቶ ነበር የሚሄደው። ገበያ ላይ ሰው እየያዘ «ልጅዎ እኮ አኮራችን» ሲላቸው፣ ሼሁ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት» ብቻ ይሉ ነበር፣ ስለ ጤናዋ የተጠየቁ ይመስል። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሼሁና ሚስታቸው በራቸውን ቆልፈው፣ ቁልፉን ሼሁ ኪስ ከትተው፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ገቡ። ሲመለሱ ቤቱ አለ፣ በሩ የለም።

ዙሌይካ ግጥም መጻፍ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ጥቅምት ላይ እርቁ ተፈርሞ አገሩ ትንፋሽ ሲሰበስብ፣ አንድ መጽሐፍ የሚሞላ ግጥም እጇ ላይ ነበር። «የቁልፉ ባለቤት» ብላ አሳተመችው። ግጥሞቹንም ያለ አንዳች ሙዚቃ በድምጿ አንብባ ልታወጣ ተነሳች። አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቿ በጣም ተደነቁ። አንድ ጋዜጠኛ ምክንያቱን ሲጠይቃት «ቃል ራሱን ችሎ ይቁም ብዬ ነው» አለችው። ውሸቷን ነው። አባቷ የማሉት በዘፈን ነው፤ በንባብ አልማሉም። አሥር ዓመት ሙሉ የሰው ጆሮ ሁሉ ሲሰማት የኖረችው ልጅ የቀራት አንድ ጆሮ ነበር፤ እሱን ደግሞ መሐላ ሳታስፈርስ ልታገኘው ቆርጣለች።

የድምፅ ቀረጻው ሐይቅ ከተማ ሰዓድ ዘንድ ሆነ። የሰዓድ ስቱዲዮ በጦርነቱ ተዘርፎ፣ የተረፉት፣ እህል ጎተራ ውስጥ የደበቀው አንድ ማይክና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ፍራሾች ነበሩ። ማሲንቆ መቺው አያሌውም አብሮ መጣ። አያሌው ከአምባሰል ደጋ የወረደ፣ ከዚያ ከሰርጉ ቀን ጀምሮ ከዙሌይካ ያልተለየ ሰው ነው። ማሲንቆውን በጋቢ ጠቅልሎ ይዞታል። «ለምን ይዘኸው መጣህ? ዛሬ እኮ አይፈለግም» ብትለው፣ «ቤት ብተወው ይከፋዋል» አላት።

ዙሌይካ ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያው ስንኝ ደህና ሄደ። ሁለተኛውም ደህና ነበር። ሦስተኛው ላይ ሰዓድ እጁን አነሳ።

«ዘፈንሽ» አላት።

«እኔ? አነበብኩ እንጂ።»

«አያሌው፣ ምን ሰማህ?»

«እኔ እንኳ ጣቴን በላኝ» አለ አያሌው።

እንደገና ጀመረች፤ እንደገና አምባሰል ወሰዳት። ቀስ ብላ ብታነብ ወሰዳት፣ ፈጥና ብታነብ ወሰዳት። ሰዓድ «የዜና አንባቢ ሁኚ» ቢላት ዜናውም ዜማ ሆነ። ውሃ ጠጣች፣ የሐይቅ አሳ ጥብስ አስመጥተው በሉ፣ ተመልሳ ሞከረች፤ ያው ነው። አንደበቷ ስንኝ ካየ መንገዱን ያውቀዋል፣ የቤቱን በር እንደሚያውቅ በቅሎ። ወደ ማታ ላይ ዙሌይካ ሆድ ባሳት። ይህ ካልሆነ አባቷ አንድም ቀን እንደማይሰሟት አወቀች፤ ይህንን ደግሞ ለሰዓድም ለአያሌውም መናገር አልፈለገችም።

መጨረሻ ላይ ዓይኗን ጨፈነችና «አባ» አለች። ከዚያ ግጥሙን ተናገረችው። ከሩቅ አገር መጥታ ወሬ የምትነግራቸው ያህል፣ ዝም ብላ ተናገረችው። ድምጿ ወዴትም አልሄደ። ለካ እያወቀች እሳቸው ፊት ዘፍና አታውቅም፤ «አባ» ካለች በኋላ መዝፈን አንደበቷ አይደፍርም። እንዲህ እያለች፣ በየግጥሙ ራስ ላይ «አባ» እያስቀደመች፣ መጽሐፉን ዘልቃ ጨረሰችው።

«‹አባ› የሚለውን ሁሉ ቁረጠው» አለችው ሰዓድን ስትወጣ።

«ግድ የለም፣ ይቆረጣል» አላት።

ምረቃው በገበያ ቀን ውጫሌ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ዙሌይካ ሦስት ቀን ቀደም ብላ ወላጆቿ ቤት ስትደርስ ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ አባቷ በጠራራ ፀሐይ ከንፈራቸው ደርቆ አዲሱ የቆርቆሮ በር ሥር ተቀምጠዋል። ያ የድሮው ቁልፍ አሁንም ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«አባ ምን ሆነዋል?» አለች እናቷን ጓዳ ገብታ።

«ጾመኛ ናቸው» አሉ እናቷ ዑምኩልሱም። «ሰኞና ሐሙስስ ሱና ነው፣ ደግ። ረቡዕን ምን አመጣው? ደብረ ብርሃን የጀመራቸው ነገር ነው። አንድ ሰሞን ሦስት ቀን ይጾማሉ፣ ይተዋሉ፤ ደግሞ አንድ ሰሞን ሦስት ቀን። ስጠይቃቸው ‹የራሴ ጉዳይ ነው› ይሉኛል። እኔ ሱሁር ልሠራ በሌሊት እየተነሳሁ ወገቤ አለቀ። ያ አያሌውም ‹ሼሁ ከእኛ ጋር ረቡዕ መጾም ጀመሩ› እያለ ያሾፍብናል።»

ዙሌይካ ሳቀች፤ ሐሳቧ ሌላ ጋ ነበርና ነገሩን አልያዘችውም። አፍጥረው ውሃ ከጠጡ በኋላ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች።

«አባ፣ ቅዳሜ መጽሐፌ ይመረቃል። ክራር የለበትም፣ ማሲንቆ የለበትም። ግጥም ነው፤ ከሞንታርቦ የሚወጣው የእኔ ወሬ ብቻ ነው። ይመጡልኛል?»

ሼሁ ቴምሩን እያኘኩ አዩዋት። «ማሲንቆ የለበትም?» አሉ።

«የለበትም፣ አባ።»

«ኢንሻአላህ» አሉ። እንዲህ ዓይነቱ «ኢንሻአላህ» እሺም ይሁን እምቢ ማንም አያውቅም፤ ዙሌይካ እስከ ቅዳሜ እንቅልፍ አልወሰዳት።

ቅዳሜ ዳሱ ጢም አለ። ከገበያ የተመለሰው ሁሉ ማሽላውንና ሽንኩርቱን እግሩ ሥር አኑሮ ተቀመጠ። ሼህ ኑርሁሴን ኩታቸውን አጣፍተው፣ ከዑምኩልሱም ጋር መጡና መውጫው አጠገብ ካለው ምሰሶ ሥር ቦታ ያዙ። ዙሌይካ ያቺን ቦታ አየቻት፤ ለመውጣት የተመቸች ቦታ ነበረች። አያሌው የተጠቀለለ ማሲንቆውን ታቅፎ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ሰዓድ ፍላሹን ሰካና ከፈተው።

ከሞንታርቦው የወጣው የመጀመሪያ ቃል «አባ» የሚል ነበር።

ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ሼሁን አየ። ዙሌይካ ሰዓድን ልትበላው ምንም አልቀራት። ሰዓድ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ቆርጬ ሰማሁት፤ ነፍሱ ወጣች። መልሼ ቀጠልኩት» አላት። ድምጿ ከላይ ቀጠለ፤

ቁልፉን ይዘን ሄድን ደብረ ብርሃን ድረስ፣
በሩን ወስደው ቆዩን እኛ እስክንመለስ።
ቁልፍ አለኝ እያለ አባቴ ሲኮራ፣
ነፋሱም ይገባል ከእንግዳው ጋራ።

ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ፤ እዚያ ከነበረው ሰው በሩ ያልተወሰደበት ጥቂት ነው። «እሰይ፣ አበጀሽ» አለ አንዱ። ሼሁ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ቁልፉን ሲነካኩ ዙሌይካ አየች። ፊታቸው ግን እንደተቆለፈ ነው። ግጥሙ ሁሉ እስኪያልቅ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ሲያልቅ ዳሱ አጨበጨበ፤ እሳቸው ብድግ አሉ።

ሄዱ፣ አለች ዙሌይካ በልቧ።

ሼሁ አልሄዱም። በሰዉ መሃል እየተሽሎከለኩ ፊት ለፊቷ መጥተው ቆሙ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ቃሉ ጥሩ ነው። ግን ልጄ፣ ጨው የለውም። ዜማው የታለ?»

«አባ፣ ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው ዜማውን የተውኩት። መሐላዎ እንዳይፈርስ።»

«መሐላዬማ ከፈረሰ ሁለት ዓመት አለፈው» አሉ ሼሁ። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ለዳሱ ሁሉ መናገር ፈልገዋል። «ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ወለል ላይ ተኝተን፣ ከጎኔ ያለ አንድ ልጅ ስልኩን ከፈተ። አንቺ ነሽ። ተነስቼ ልወጣ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለ። አገሬ ትዝ አለኝ፣ አለቀስኩ። መሐላ ያፈረሰ ከፋራ አለበት፤ አሥር ሚስኪን ያበላል። እኔ ማንን ላብላ? እኔው ራሴ ሚስኪን ነበርኩ። ያጣ ደግሞ ሦስት ቀን ይጾማል፤ ጾምኩ። ጾሜ እንዳለቀ እንደገና ማልኩ። በሳምንቱ ልጁን ‹እስቲ ያቺን ክፈታት› አልኩት።»

ዑምኩልሱም ከኋላ ተነሱ። «እና ያ ሁሉ ጾም፣ እኔ በሌሊት የተነሳሁበት…»

«እሷን በሰማሁ ቁጥር ነው» አሉ ሼሁ።

ዳሱ ተናጋ። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዑምኩልሱም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ይሳቁ ያልቅሱ አልለየላቸውም። «ታዲያ ሰውዬ፣ መሐላውን ለምን አይተዉትም ነበር?» አሉ።

«ሰው ፊት የማልኩትን ጓዳ ውስጥ ላፍርሰው? ነውር አይደለም?» አሉ ሼሁ። «ሰው ፊት ላፈርሰው ሁለት ዓመት ስጠብቅ፣ ዛሬ ቀኑ ደረሰ ብዬ ብመጣ፣ ልጄ ማሲንቆ የለበትም ትለኛለች።» ወደ አያሌው ዞሩ። «አንተስ ያንን ዕቃ ምን አስጠቀለለህ? በርዶታል?»

አያሌው ጋቢውን እንዴት እንደፈታው እሱም አያውቅ። ክሩን ሳብ ሳብ አደረገና አምባሰልን ጀመረ። ሼሁ እጃቸውን አነሱ፤ እንደ ማንኛውም ሰርገኛ፣ በወሎ አገር ግጥም ለዘፋኝ የሚሰጥ ሰው እንደሚያደርገው፣ «ተቀበይ» አሏት።

አልሰማሽም ብዬ ጆሮዬን ዘግቼ፣
ስሰማሽ ከረምኩኝ ጾሜን አብዝቼ።

ሐይቅ ላይ ያን ሁሉ ሰዓት አልቆም ያለው ዜማ አሁን አልመጣም አለ። ዙሌይካ አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። አያሌው ዞሮ ጀመረላት፤ አሁንም አልወጣም። አባቷ ጠጋ አሉ፤ ሰው በማይሰማው ድምፅ «አይዞሽ፣ እኔ ነኝ» አሏት። እሷም «አባ» አለች። ከዚያ ተቀበለች። እንባዋ እየወረደ፣ የሰጧትን ስንኝ እየደጋገመች ዘፈነችላቸው፤ ሼሁም እስኪያልቅ ከፊቷ ንቅንቅ አላሉም።

ይህኛው መሐላ በድብቅ አልፈረሰም፤ ጎተራውም ዘንድሮ ባዶ አልነበረምና ጾም አላስፈለገም። በማግስቱ ዑምኩልሱም ማልደው ተነስተው ድስት ጣዱ፤ ገና ወደ ቀዬአቸው ያልተመለሱ ተፈናቃዮች አሥር ሆነው መጥተው በሉ። አያሌው «እኔም ሚስኪን ነኝ» ብሎ ሲቀላቀል፣ ሼሁ «አንተ የነገሩ መነሻ ነህ፤ ከቁጥር ውጭ ብላ» አሉት። ተበላ፣ ተመረቀ፣ «አሚን» ተባለ። የአሥር ዓመቱ መሐላ እዚያ ላይ አበቃ።

እንግዳው ሊነሳ ሲል ሼሁ እጃቸውን እየታጠቡ ወደ ልጃቸው ዘንበል አሉ።

«ዙሌይካ» አሉ፣ «ባቲም ትዘፍኛለሽ ይላሉ። ወላሂ እሱን እንኳ አልሰማም።»

ዑምኩልሱም ባላቸውን አንዴ አዩዋቸው፤ ከዚያ ትልቁን ድስት አጥበው ሳያስቀምጡ መልሰው እሳት ላይ ጣዱት።