በየትኛው ቁና

«አምስት ቁና ጤፍ ነው፤ ለነፍሷ» አሉ ባላምባራስ ወልደሩፋኤል፣ ለቀስተኛው ሁሉ እንዲሰማ ከዳሱ መሀል ቆመው። አሽከራቸው ስልቻውን ከትከሻው አውርዶ ደራርቱ እግር ሥር አስቀመጠው።

የእናቷ የድርቤ ሠልስት ነው። የአርጆ ሰው ከጠዋት ጀምሮ እየመጣ፣ እያለቀሰ፣ ከዚያ ጠጋ ጠጋ ብሎ እየተንሾካሾከ ነው የዋለው። ደራርቱ ሰምታለች። «ከእሷ በቀር አፍ አልነበረንም። ዘንድሮ ትልቁ ቁና መመለሱ አይቀርም» ይላሉ። እናቷን ለቀበረች ልጅ ይህን መስማት ሁለተኛ ሞት ነው።

ምስለኔው ባላምባራስ የአስራቱን እህል ያሰፍሩ የነበረው በትልቅ ቁና ነው። ክረምት ገብቶ ጎተራ ሲራቆት ደግሞ ከዚያው አስራት ለመበለቶችና ለአቅመ ደካሞች ይመጸውታሉ። እሰየው፣ ማን ይጠላል? ግን ሲመጸውቱ ቁናው ትንሽ ነው። ሰው ሁሉ ያያል፤ ደፍሮ የሚናገር የለም።

አንድ ቀን አሽከሮቹ ትልቁን ቁና ድርቤ አውድማ ላይ ትተውት ሄዱ። እሷ ምን ቸገራት፣ በራሷ ተሸክማ ገበያ ወጣች። ከሰው መሀል አስቀመጠችና የገበያውን ቁና ከውስጡ ከተተችው። ዋጠው። ገበያው ከዳር እስከ ዳር ሳቀ።

«ግብሩንም እንከፍላለን፤ ድሀም ይጦር» አለች ድርቤ። «ግን በወሰዱበት ይስጡን።»

ከዚያ ወዲህ ትልቁ ቁና ምስለኔው ጎተራ እንደ ገባ ቀረ።

ደራርቱ ከመደቡ ተነሣች። አባቷ ኦቦ ታፋ የነጠላዋን ጫፍ ያዙ።

«ኢንተሎ፣ ልጄ፣ ተይ። ለቅሶ ቤት ነው።»

አልተወችም። ለባላምባራስ እጅ ነሣች።

«እግዜር ይስጥልን፣ ጌታዬ። ግን አምስቱ የተሰፈረው በየትኛው ቁና ነው?»

ባላምባራስ ስልቻውን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ። በትልቁ እንዳይሉ ስልቻው ትንሽ ነው። በትንሹ እንዳይሉ፣ ትልቅ አለ ማለት ነው።

«ምን ማለትሽ ነው፣ ልጄ? ቁና አንድ ነው እንጂ ስንት ሊሆን ኖሯል» አሉ ግንባራቸውን እየጠረጉ።

ሽማግሌው ኦቦ ጉሉማ ይህችን ሲጠብቁ የዋሉ ይመስል ዱላቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ሰማችሁ? ቁና አንድ ነው ብለዋል። ለቅሶ ቤት የተነገረ ቃል አይታጠፍም። እንግዲህ አስራቱም በዚሁ ነው፣ ባላምባራስ?»

«እንዴታ» አሉ ባላምባራስ። ሌላ ምን ይበሉ!

ከሴቶቹ ወገን መበለቷ ወለቴ እልል አለች። ለቅሶ ላይ እልልታ ነውር ነው፤ አሮጊቷም ታውቀዋለች። ግን ማንም አልገሠጻትም፤ እንዲያውም አንዷ ተቀበለቻት፣ ሌላዋም ቀጠለች። ኦቦ ታፋ እንኳ እያለቀሱ ፈገግ አሉ።

ደራርቱ የእናቷን ቁና ከጓዳ አወጣች። ከስልቻው ሞላችና እናቷ ገበያ ላይ እህል ስትሸጥ ታደርግ እንደነበረው በመዳፏ ደልደል አደረገችው። ወለቴ ቀሚሷን ዘረጋች፤ ገለበጠችላት።

ድርቤ ሰፍራ ስታበቃ ሁልጊዜ አንድ እፍኝ ትመርቅ ነበር። ደራርቱ እጇን መልሳ ስልቻው ውስጥ ከተተች።

«ይቺ የእናቴ ናት» አለች፤ እፍኙንም ጨመረችላት።