ሁለት ቦታ የማይጠብቅ ሰው

ሰዓት ሠሪው ስንት ሰዓት ሆነ ብሎ ሰው ጠይቆ አያውቅም። የሱቁ ግድግዳ በሰዓት ተሞልቶ ምን አስጠይቆት! ዘንድሮ ግን የዓይን ሞራ ጋረደውና ወረንጦው ከትንንሾቹ ብሎኖች ጋር ድብብቆሽ ይጫወት ጀመር። የመንግሥት ሆስፒታል በነጻ ሊያክመው ተራ ይዞለታል፤ ሲጓተት ከርሞ ገና አሁን ነው የደረሰው።

የግል የጤና ኢንሹራንስ የሚባለውን ያመጣችው ሚስቱ ናት። ፀጉር ቤቷ የምትመጣ አንዲት ወኪል፣ እየተሠራች «ሳይቃጠል በቅጠል» ስትል ሰብካት ሄደች።

«የመንግሥቱ እያለን ምን ያደርግልናል?» አለ ባሏ።

«ያ ለዛሬው፣ ይሄ ለነገው። ሁለቱም ቢኖረን ምን እንጎዳለን?»

አንገራገረ፤ በመጨረሻ ግን ፈረመ።

የዚህ ሰው ክፋቱ ቀጥ ያለ መሆኑ ነው። ሌላ ሠሪ የያዘውን ሰዓት አይነካም። አንዱን ሰዓት ለሁለት ሠሪ ያነጋገረ ደንበኛ ከመጣበት፣ ሹምም ቢሆን፣ ዕቃውን ጠቅልሎ ያስታቅፈዋል። «እኔ በሁለት ቢላ አልበላም» ይላል። ሚስቱ ይህን አመሉን ከተጋቡ ጀምሮ ስትቀልድበት ኖራ፣ በሚያስፈልጋት ቀን ረሳችው።

የኢንሹራንስ ካርዱ በወጣ ሳምንት «ኢንሹራንሱ የሚከፍልለት የግል ክሊኒክ እንሂድ» አላት። ችኮላው ቢገርማትም ተከተለችው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ካርዱንና የሆስፒታሉን የምርመራ ወረቀት አየት አድርጋ መለሰችላቸው።

«ይቅርታ እማማ፣ ይሄ ሕመም ኢንሹራንሱን ሳትገቡ የነበረ ነው። ውሉ አይሸፍነውም።»

ሚስትየዋ ቅር ቢላትም አልደነገጠችም።

«ግድ የለም» አለችው ወደ በሩ እየመራችው። «የሆስፒታሉ ተራህ የፊታችን ሰኞ አይደል?»

ሰዓት ሠሪው ቆመ።

«እሱንማ መለስኩት።»

«ምኑን?»

«ተራዬን። ካርዱን በሰጡን ማግስት ሄጄ ለሌላ ሰው ስጡት አልኳቸው። ሁለት ቦታ ይዞ ሰው ማስጠበቅ ነውር ነው።»

ክው አለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ስትስቅ የኖረች ሴት፣ ብብቷ ባዶ መሆኑን ያወቀችው እዚያ በር ላይ ነው። ልትቆጣው ፈለገች፤ ቁጣውም አልመጣላትም። እጁን ይዛ እየጎተተች ሆስፒታል ደረሰች።

ነርሷ ገና ሲገባ አወቀችው፤ ፈገግ አለች።

«አባባ፣ ተራዎን ለአንዲት እናት ሰጠንልዎ። እንዴት እንደመረቁዎት!»

«እና የእሱ ተራስ?» አለች ሚስቱ።

የነርሷ ፈገግታ ጠፋ።

«እንደገና ይመዘገባሉ። ከመጨረሻ ነው የሚጀምሩት።»

ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሰዓት ሠሪው እጁን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ የእጅ ሰዓቱን ቢያይ ቢያይ አልሆነለትም፤ እጁን መልሶ ጭኑ ላይ አኖረው።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አላት።

እሱ የሠራላት ሰዓት እጇ ላይ ነበር። አየችና ነገረችው።