በየሦስት ሳምንቱ አንድ አይጥ

ጎረቤቴ ሞሪን እዚህ ሃርትልፑል ከተማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። ሰው ሳይበላ ከፊቷ ሲነሳ ያማታል። ታናሽ ወንድሟ ኪት ከብረት ፋብሪካ ሥራው ከወጣ ጀምሮ ብቻውን ነበር፤ ብቻውን ማለቴ ከአንዲት ዘንዶ ጋር ነው። ፐርል ይላታል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ኖረዋል።

ባለፈው ኅዳር ኪት ጉሮሮው ላይ የወጣበት ካንሰር ምግብ አላሳልፍ አለውና ሆስፒታል ገባ። በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ ይመግቡት ጀመር። የቤቱን ቁልፍ ለእህቱ ሲሰጣት፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ በረዶ የሆኑ አይጦች እንዳሉ፣ በየሦስት ሳምንቱ አንዱን አሙቃ ለፐርል እንድትሰጣት፣ ካልፈለገች ደግሞ እንድትተዋት ነገራት።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ ጦሟን?" አለችው።

"ዘንዶ ናት እንጂ የትምህርት ቤት ልጅ አይደለችም። አደራሽን፣ እጅሽን ሰብስቢ።"

አልቻለችም። በአራተኛው ቀን ፐርል አንገቷን ቀና አድርጋ ከመስታወት ሳጥኗ ውስጥ ስታያት፣ ርቧት ነው ብላ አንድ አይጥ ሰጠቻት። ዋጠች። ሞሪን ቤቴ መጥታ እንዴት እንደዋጠች በእጇ እያሳየች ስትነግረኝ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷ ፈክቶ አየሁ። ለወንድሟ ይዛ የሄደችውን ሾርባ ነርሶቹ መልሰው አሸክመዋት ነበር። እኔም ደግ አደረግሽ አልኳት፤ ስለ እባብ ምን አውቃለሁ? ከዚያ ወዲያ በየአራት ቀኑ ትሰጣት ጀመር።

የገና በዓል ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ፐርል የዋጠችውን መለሰችው። ሞሪን ሆዷ ባዶ ቀረ ብላ በማግስቱ ሌላ ሰጠቻት። እሱንም መለሰችው። በሦስተኛው ቀን ራሷን ማንሳት አቃታት። በመኪናዬ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሟ በየስንት ቀኑ እንደምትመግባት ጠየቀቻት፤ ሞሪን ስትነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። ካስመለሳት በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሆዷ ማረፍ ነበረበት አለች። ፐርል እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሞተች።

ሞሪን ለኪት አልነገረችውም። ደህና ናት፣ ደህና ናት እያለች አምስት ሳምንት ዋሸችው። አብሬያት ስሄድ እኔ መስኮት መስኮቱን ነበር የማየው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኪት፣ ድምፁ እስከማይሰማ ተዳክሞ፣ ፐርል ቆዳዋን ቀየረች ወይ ብሎ ጠየቃት። ሞሪን አፏን ከፈተች፤ ውሸቱ አልመጣላትም።

"ኪት፣ ገደልኳት። በላይ በላዩ እያበላሁ ገደልኳት።"



"ነግሬሽ ነበር እኮ" አለ። "አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩሽ።"

ይቅርታ ልትለው ስትጀምር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግስቱ ነርሷ በሩ ላይ አስቁማን፣ ጠያቂ አልፈልግም ማለቱን ነገረችን። ሞሪን ግን መሄዷን አልተወችም፤ ኮሪደሩ ላይ ያለ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ውላ ትመለሳለች። በስድስተኛው ቀን አስገቧት። ኪት የሚያወራበት አቅም አልነበረውም፤ እጁን ስትይዘው ግን አልነጠቃትም። ይቅር ብሏት ይሁን ማንነቷን ስቶ፣ ዛሬም አታውቅም። የካቲት ሳይገባ ሞተ።