ሦስተኛዋ የአዝራር ቀዳዳ

«ያንን ኮት አንሺው። ሐዘን ቤት ነው፣ ሱቅ አይደለም» አለች አክስቷ።

ልጅቷ አላነሳችውም። አባቷ ልብስ ሲሰፋበት የኖረው ክፍል ከቤቱ ሁሉ ሰፊው ስለሆነ ለቀስተኛው የተቀመጠው እዚያው፣ በመቁረጫው ጠረጴዛና በማሽኑ መካከል ነው። ጥቁር ሰማያዊው ኮት መስኮቱ አጠገብ ተሰቅሏል። እጅጌው ገብቷል፣ ገበሩም ተሰፍቷል፤ ከሦስቱ የአዝራር ቀዳዳዎች ግን ያለቁት ሁለቱ ናቸው። አንዷ በጠመኔ እንደተሰመረች የልብስ ሰፊው ልብ በድንገት ቆመ።

«ባለቤቱ እስኪመጣ እዚያው ይሁን፣ እትዬ።»

አክስቷ ወደ ጎረቤቷ ዘወር አለች። «ያ ሁሉ ጉሉኮስ ምን ፈየደለት? አርፎ ቤቱ ቢተኛ ኖሮ ዛሬም በነበረ። ወንድሜን በመርፌ ጨረሱት።»

ጎረቤቷ ከንፈሯን መጠጠች። ልጅቷ ልቅሶውን ሁሉ ችላ ነበር፤ በአባቷ ላይ ከንፈር ሲመጠጥ ግን ደሟ ፈላ።

ሕመሙ የታወቀው በሱሪ ነው። አንድ አስተማሪ ሱሪውን ሊወስድ ሲመጣ አባቷ ሰላም ሊለው ብድግ አለ፤ ሱሪውም አብሮት ብድግ አለ። ከገዛ ሸሚዙ እጅጌ ጋር ሰፍቶት ኖሯል። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ራሱ ነበር። ክሩን ሊፈታ ሲታገል ግን መርፌው አውራ ጣቱን ወጋው፤ ደሙ እየወረደ እሱ አሁንም ይስቃል። ልጅቷ ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ።

ሐኪሙ ሰውነቱን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ወዳጁን ከጠላቱ መለየት አቅቶት ነርቮቹን እያጠቃ መሆኑን አስረዳቸው።

«ዘበኛዬ ሰክሮ ጌታውን እየደበደበ ነው በለኛ» አለ አባቷ።

ሱቁን አልዘጋም። እሷን «አውራ ጣቴ» እያለ አጠገቡ አስቀምጦ ያሠራት ጀመር። ጨርቁን በጣቱ መለየት ሲያቅተው ጉንጩን ያስደግፍበትና ዓይኑን ይጨፍናል። አንዳንዱ ደንበኛ እንቅልፍ የወሰደው መስሎት በእግር ጣቱ ይወጣ ነበር።

ከዚያ በደም ሥር የሚንጠባጠበው መድኃኒት ተጀመረ። ከብዙ ሰው ደም ተጣርቶ የሚሠራ መሆኑን ሲሰማ፣ «ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ ልብስ ሰፊ አይጠፋም» አለ። ቀኑን ሙሉ ክንዱን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ማታ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል። ጣቶቹ ግን እንደሞቱ ናቸው። ሐኪሙ ትንሽ እንሞክርና ለውጥ ከሌለ እናቆማለን አለ። ልጅቷ እንዲቆም ፈልጋ ነበር፤ እሱ ግን እሺ አላላትም።

አንድ ጠዋት «አመመኝ!» ብሎ ጮኸ።

ከጓዳ እየሮጠች መጣች። አውራ ጣቱን ወደ ብርሃን አንስቶ ጫፉ ላይ ያለችውን የደም ጠብታ ያያል። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «ወጋኝ፣ አመመኝ እኮ። ነይ እይው።»

እግሩ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ከምርኩዝ አልተላቀቀም። የጣቶቹም ስሜት የሚቀጥለው የመድኃኒት ቀን ሲቃረብ ይደበዝዛል። በደህናዎቹ ቀናት ግን የአዝራር ቀዳዳ ማንንም አያስነካም ነበር፤ አውራ ጣቱንም ቢሆን።

በዚያው የሐዘን ቀን ከሰዓት በኋላ የኮቱ ባለቤት፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ መጣ። እሁድ ልጁን እንደሚድር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» ብሎ ተቀመጠ። ኮቱን ላለማየት ግድግዳውን ሲያይ ቆየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለ ኮቱ አትጨነቂ። ለእሁድ ከሱቅ እገዛለሁ። እሱን እንዳለ ስጪኝ፣ ማስታወሻ ይሆነኛል።»

«እሁድ ይለብሱታል፣ ጋሼ።»

«በሐዘን ላይ መርፌ ልታነሺ?» አለች አክስቷ።

«አባዬ ያላለቀ ልብስ ለሰው ሰጥቶ ያውቃል እንዴ?»

ኮቱን አውርዳ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ስፌቷ ከእሱ ጎን ቢያሳፍር የሚመጠጠው ከንፈር ለእሷ ሳይሆን ለእሱ እንደሚሆን ታውቃለች፤ ኮቱን ያየ ሁሉ «እጁ ከድቶት ነበር» ይላል። ጠመኔው ላይ ቀደደች፤ ክሩን ከክር እያስጠጋች ዙሪያውን ሰፋች።

ስትጨርስ የቀረውን ጠመኔ አራገፈችና ኮቱን አክስቷ ጭን ላይ ዘረጋችው። «ሁለቱን የሠራው እሱ ነው። የእኔ የትኛዋ እንደሆነች ያግኙልኝ፣ እትዬ።»

አክስቷ መነጽሯን አደረገች። በጣቷ አንዷን ዳሰሰች፣ ሌላዋን፣ ሦስተኛዋን፤ ተመልሳ ከመጀመሪያዋ ጀመረች። «ይቺ...» ብላ ጣቷን አነሳች። ልጅቷ ኮራች። በአባቷም በራሷም ኮራች።

«መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ነው የሠራው?» አለች አክስቷ።

«ከጀመረ በኋላ ነው።»

አክስቷ መነጽሯን አወለቀች። ኮቱን በሁለት እጇ አነሳችና ጉንጯን አስደግፋበት ዓይኗን ጨፈነች። ሾፌሩ ኮቱን ሊቀበል የዘረጋውን እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ።